የመምቻ ስህተት ነው ወይስ የኋላ ጉዳት? የድሮ ሳንቲምንና ጠገራ ብርን ደረጃ በደረጃ መመርመር

ባለፈው ጥር አንድ ወጣት ከአንኮበር ወገን መጥቶ፣ በመሐረብ የቋጠራቸውን ሁለት ገንዘቦች ደብረ ብርሃን በሚገኘው ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ፈታ። ትንሹ ገርሽ የሚባለው የዳግማዊ ምኒልክ የ1889 ዓ.ም. የብር ሳንቲም ሲሆን ትልቁ ማርትሬዛ ጠገራ ብር ነው። ሁለቱም ከአያቱ ሳጥን የወጡ ናቸው። «ጋሼ፣ ትንሹ ስለተጫረ ዋጋ የለውም፤ ትልቁን ግን ፋብሪካው ተሳስቶ ፊደሉን ገልብጦ የመታው ስለሆነ ብዙ ያወጣል ብለውኛል» አለኝ። በማጉያ መነጽር ካየኋቸው በኋላ የነገሩትን ተቃራኒ ልነግረው ግድ ሆነብኝ። ገርሹ ላይ ያለው መስመር ገርሹ ሲመታ አብሮት የተወለደ ነው፤ ጠገራው ላይ ያለው የተገለበጠ ፊደል ግን ከዓመታት በኋላ በሞርሳ፣ ብረት ጨምቆ በሚይዝ መሣሪያ፣ የመጣ ነው። ወደ ሁለቱም በየቦታቸው እመለሳለሁ።

በእኛ አካባቢ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ቢነሣ አይገርምም። አንጎለላ የምኒልክ የትውልድ ስፍራ ነው፤ አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበር፤ ከአንኮበር ቁልቁል የሚገኘው የአልዩ አምባ ገበያም ማርትሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉበት የኖረ ገበያ ነው። በዚህ ምክንያት ከመንዝ እስከ ቡልጋ በየሳጥኑና በየጌጡ ውስጥ አሮጌ ገንዘብ አይጠፋም። አንገት ላይ ተንጠልጥሎ፣ ምድጃ አጠገብ ተቀብሮ፣ ብር ሠሪ ዘንድ ተዶሽቶ የኖረ ገንዘብ ደግሞ ሰውነቱ ላይ ብዙ ምልክት ይዞ መገኘቱ የታወቀ ነው። ጥያቄው ከምልክቶቹ የትኛው በመምቻ ቤት፣ የትኛው ከመምቻ ቤት ከወጣ በኋላ መጣ የሚለው ነው።

አስቀድሞ፦ ሳንቲም እንዴት እንደሚመታ

ሳንቲም እንዴት እንደሚሠራ ያላወቀ ሰው ስህተትን ከጉዳት ሊለይ አይችልም፤ ስለዚህ ከመሣሪያ በፊት ይህ ይቅደም። መጀመሪያ ብረቱ በስሱ ተዳምጦ ሉሕ ይሆናል፤ ከሉሑም ገና ምስል የሌለበት ክብ ይቆረጣል። ይህንን ከዚህ በኋላ «ጥሬ ክብ» እለዋለሁ። ጥሬው ክብ ጠርዙ ተጨምቆ በጥቂቱ ከፍ ይደረግና ዙሪያውን በሚይዝ ቀለበት ውስጥ፣ ምስል በተቀረጸባቸው ሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ይቀመጣል። ማኅተሞቹም በአንድ ምት ከላይና ከታች ይጨምቁታል። ብረቱ በዚያች ቅጽበት እንደ ሊጥ ይፈስሳል፤ ማኅተሙ የጎደጎደበት ቦታ ላይ ሳንቲሙ ጎልቶ ይወጣል፣ ማኅተሙ የጎላበት ቦታ ላይ ደግሞ ሳንቲሙ ይጎደጉዳል። የመሥሪያ ቤት ማኅተም ያየ ሰው ፊደሉ ለምን ተገልብጦ እንደሚቀረጽ ያውቃል፤ እዚህም ነገሩ ያው ነው።

የሳንቲም ዕድሜ እንግዲህ በሦስት ይከፈላል፦ ጥሬ ክብ የነበረበት ጊዜ፣ የተመታበት ቅጽበት እና ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ሁሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የደረሰበት ነገር የመምቻ ስህተት ነው፤ በሦስተኛው የደረሰበት ጉዳት ነው። አንድን ምልክት ሲያዩ «ይህ ብርቅ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይቅደም። መቅደም ያለበት «ጥሬ ክብ፣ ሁለት ማኅተምና አንድ ቀለበት ብቻ ይህን ሊሠሩ ይችላሉ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው። እንዴት ሊሠሩት እንደሚችሉ በቃልዎ ማስረዳት ካልቻሉ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ነው።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፣ እስከ ግራም መቶኛ የሚለካ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን፣ ካሊፐር፣ ማግኔት፣ ለስላሳ ጨርቅ እና ከአንድ ወገን የሚመጣ ብርሃን ይበቃሉ። የደጋው የማለዳ ፀሐይ በመስኮት ሰያፍ ሆና ስትገባ ከማንኛውም አምፖል ትበልጣለች። በቀጥታ ከላይ የሚወርድ ብርሃን ጎላ ያለውንና የሰረጎደውን አንድ አድርጎ ያሳያል።

አንደኛ ደረጃ፦ አያጽዱ

ሳንቲሙን በአመድና በሎሚ ማሸት፣ በጥርስ ሳሙና መፈተግ፣ በአሲድ ማጠብ ሁሉ ክልክል ነው። ምክንያቱ ውበት ብቻ አይደለም። በፊደሎች ሥር የተጠራቀመው እድፍና በሜዳው፣ ማለትም ምስልና ፊደል በሌለበት ልሙጥ ገጽ፣ ላይ ያለው የዘመን ቀለም ምስክሮች ናቸው፤ አንድ ጭረት በእድፉ ውስጥ አልፎ የሚያበራ ብረት ካሳየ ጭረቱ ቅርብ ጊዜ የደረሰ መሆኑን እድፉ ይመሰክራል። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ አንድ የ1923 ዓ.ም. የመዳብ መቶኛ አግኝቼ፣ ከጽሑፉ ሁለት ፊደል ደብዝዞ ስላየሁ በደንብ ልየው ብዬ በአመድ አሸሁት። ዛሬም በእጄ አለ፤ እንደ አዲስ ድስት ያበራል፣ ፊደሎቹ ሲመታ የደበዘዙ ይሁኑ በእኔ እጅ የተፋቁ ይሁኑ ግን ማንም ሊናገር አይችልም። አፈር ከያዘ በንጹሕ ውኃ ነክሮ፣ ሳያሹ በጨርቅ ተጭኖ ማድረቅ ይበቃል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። ሳንቲሙ ሲታረስ ወይም ሲቆፈር ከመሬት የወጣ ከሆነ ጉዳዩ የሰብሳቢ ብቻ አይደለም፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በድንገት የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል እንዲነገር ያዝዛልና መጀመሪያ የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይገባል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ደህናውን መልክ ይወቁ

አብዛኛው «ስህተት አገኘሁ» የሚል ሰው ያገኘው ደህናውን ያልለመደውን ዓይነት ነው። ስለዚህ ከምርመራው በፊት የዚያው ዓይነት የሆነ ሌላ ደህና ሳንቲም ወይም ጥራት ያለው ሥዕሉ አጠገብ ይኑር። ከአገራችን ገንዘቦች ሰው የሚሳሳትባቸውን ጥቂቶቹን ላንሣ።

በፓሪስ የተመቱት የምኒልክ ብሮች ላይ አንበሳው በአንዳንዶቹ ግራ የፊት እግሩን፣ በሌሎቹ ቀኝ የፊት እግሩን አንሥቷል። ይህ ማኅተሙ በተለያየ ጊዜ በተለያየ መልክ በመቀረጹ የመጣ ልዩነት እንጂ ስህተት አይደለም። ማርትሬዛም ላይ የተጻፈው 1780 የሚለው ዓመት፣ ምስላቸው ያለበት የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ በአውሮፓ አቆጣጠር የሞቱበት ነው፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላ ከአንድ ምዕት ዓመት በላይ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች በዚያው ዓመት ስም ሲመታ ኖሯል። በዚህ የተነሣ በሁለት ጠገራዎች መካከል የንስሩ ላባ ወይም የእቴጌይቱ ጌጥ ጥቂት ቢለያይ የመምቻ ቤቱ ልዩነት ነው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የ1936 ዓ.ም. ሳንቲሞችም ዓመተ ምሕረታቸው ሳይለወጥ ለ30 ዓመት ገደማ ተመትተዋል። ስለዚህ ፲፱፻፴፮ የሚል ሁለት ሳንቲም አንዱ ጥርት ያለ፣ ሌላው ፊደሉ ያበጠና የፈዘዘ ሆኖ ቢገኝ አይደንቅም፤ ብዙ የመታ ማኅተም ያልቃል፣ ያለቀ ማኅተምም ያበጠ ፊደል ያወጣል።

ከሁሉም ይልቅ ሰው የሚያታልለው ስሙኒ ነው። የ1936ቱ 25 ሳንቲም መጀመሪያ ድፍን ክብ ሆኖ ወጣ፤ በመጠኑ ግን ከብር ከተሠራው ከ50 ሳንቲሙ ከሽልንግ ጋር ስለተቀራረበ ተሰበሰበ፤ ከዚያም ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ተሞርዶ ወጣ። የአንዳንዱ ቁርጥ ሻካራ፣ የአንዳንዱ ደግሞ የተስተካከለ ነው። ሻካራውን ያየ ሰው «አንድ ሰው በመቀስ ቆርጦታል» ይላል፤ ቆራጩ ግን መንግሥት ነው። በአንጻሩ ክቡ ስሙኒ ስህተት ሳይሆን በጥቂቱ ብቻ የወጣ ዓይነት በመሆኑ ይፈለጋል። የዚህ ምሳሌ ጥቅሙ ይህ ነው፦ ምርመራ ብቻውን አይበቃም፣ ታሪክም ያስፈልጋል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ይመዝኑ፣ ይለኩ፣ ማግኔት ያስጠጉ

ማርትሬዛ ሲመታ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ስፋቱም 40 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የምኒልክ ብር በመጠን ከእሱ ጋር ይቀራረባል፤ ገርሹ 1.4 ግራም ገደማ ነው። በእጅ ብዙ የተሻሸ ጠገራ ጥቂት ቢቀንስ የተፈጥሮ ነው፤ ሦስትና አራት ግራም ከጎደለ ግን ወይ ተቆርጦለታል፣ ወይ ተሞርዷል፣ ወይ ብር አይደለም።

ማግኔት ብርን፣ መዳብንና ነሐስን አይስብም፤ ስለዚህ ጠገራ ብር ማግኔት ላይ ከተለጠፈ ነገሩ አበቃ። ይሁን እንጂ ማግኔት የሳበው ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። የ1923 ዓ.ም. የኒኬል ሳንቲሞች ኒኬል በመሆናቸው ብቻ ይሳባሉ፤ በቅርብ ዘመን የወጡትም ብረት ላይ ስስ ሽፋን የተለበጠባቸው በመሆናቸው ይሳባሉ።

አራተኛ ደረጃ፦ ጎልቶ ነው ወይስ ሰርጉዶ?

ይህ የመመሪያው እምብርት ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ። ያልተለመደ መስመር ካዩ ሳንቲሙን በሰያፍ ብርሃን ሥር በቀስታ እያዞሩ ጥላው በየትኛው ወገን እንደሚወድቅ ይመልከቱ። ከተጠራጠሩ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ጫፍ ሳይጫኑ በመስመሩ ላይ ያሳልፉት፤ ጎልቶ ከሆነ እንጨቱ ይደናቀፋል፣ ሰርጉዶ ከሆነ ይገባል።

ገበሬው ማረሻውን ሲያስገባ አፈሩ አይጠፋም፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተገልብጦ ትልሙን ዳር ለዳር ያጥረዋል። ሳንቲም ላይ የደረሰ ጭረትም እንዲሁ ነው። የጫረው ነገር ብረቱን ገፍቶ በጭረቱ ዳርና ዳር ትንሽ ግድግዳ ያቆማል፤ በማጉያ መነጽር ሲታይ ትልም ነው። ሳንቲሙ ብዙ ከተሻሸ ያ ግድግዳ ሊለሰልስ ይችላል፣ ጉድጓዱ ግን ይኖራል። በሌላ በኩል ማኅተሙ በመታከት ከተሰነጠቀ፣ በምቱ ጊዜ የሳንቲሙ ብረት ወደ ስንጥቁ ይገባና ሳንቲሙ ላይ ጎልቶ የወጣ፣ እንደ ወንዝ የሚጠማዘዝ ቀጭን ጅማት ይሆናል። ሳንቲምን ከሜዳው ከፍ ያለ መስመር እንዲያወጣ አድርጎ የሚጭር መሣሪያ የለም።

የአንኮበሩ ወጣት ገርሽ የነገረን ይህንኑ ነበር። መስመሩ ከአንበሳው ጋማ ሥር ተነሥቶ ሜዳውን ያቋርጣል፣ «ይሁዳ» በሚለው ቃል ውስጥ በአንድ ፊደል እግር ላይ ሳይቋረጥ ይወጣል፣ ወርዶም እስከ ከንፈሩ፣ ማለትም የሳንቲሙን ዳር እስከሚዞረው ከፍ ያለ ክፈፍ፣ ይደርሳል። ጭረት ቢሆን ኖሮ ከፍ ያለውን ፊደል በርትቶ ቆርጦ ዝቅ ያለውን ሜዳ ዘልሎ ያልፍ ነበር፤ ይህ ግን ተራራም ሸለቆም ሳይመርጥ ይሄዳል፣ በብርሃንም ጥላውን የሚጥለው ልክ እንደ ፊደሎቹ ነው። በመስመሩ ጥግ ያለው እድፍ ከፊደሎቹ ጥግ ካለው እድፍ ጋር አንድ ዓይነት ጥቁር ነው። ስለዚህ የማኅተም ስንጥቅ ነው። እንዲህ ያለው ስንጥቅ ሰፍቶ ከማኅተሙ ዳር አንድ ቁራጭ ከወደቀ ደግሞ ሳንቲሙ ከንፈር ላይ ምስልም ፊደልም የሌለው ድፍን እብጠት ይታያል።

እብጠትን በተመለከተ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ብረት ላይ በተለበጡት አዳዲስ ሳንቲሞች ላይ ሽፋኑ አየር ይዞ ትንንሽ ፊኛ ሊያወጣ ይችላል፤ ይህ የአሠራር ጉድለት ነው። ሙሉ በሙሉ ከብር በተሠራ ጠገራ ላይ የሚታይ ፊኛ ግን ብዙውን ጊዜ የእሳት ነው፤ ቤት የተቃጠለበት ወይም ብር ሠሪው አግሎ የተወው ጠገራ እንዲህ ይሆናል፣ ቀለሙም ይለወጣል።

አምስተኛ ደረጃ፦ የተገለበጠ ምስል

በሰብሳቢዎች ዘንድ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። የተገለበጠ ፊደል ወይም ምስል ሳንቲም ላይ በሦስት መንገድ ይመጣል፤ ሦስቱም ቢመሳሰሉም ይለያሉ።

አንደኛው፣ የተመታ ሳንቲም ሳይወጣ ማኅተሙ ላይ ተጣብቆ ሲቀር የሚሆነው ነው። ቀጥሎ የሚገባው ጥሬ ክብ በአንድ ወገን በማኅተም ፈንታ በዚያ በተጣበቀው ሳንቲም ይመታል፤ ስለዚህ በዚያ ወገን ምስሉ ሙሉ በሙሉ የሰረጎደና የተገለበጠ ይሆናል። በሥሩ ሌላ ምስል አይኖርም፤ ሌላው ወገን ደግሞ ጥርት ብሎ በአግባቡ የተመታ ነው።

ሁለተኛው፣ በመካከላቸው ጥሬ ክብ ሳይገባ ሁለቱ ማኅተሞች ሲላተሙ ነው። አንዱ የሌላውን መልክ ይቀበልና ከዚያ በኋላ በሚመታው ሳንቲም ሜዳ ላይ የተቃራኒው ወገን ምስል ዙሪያ መስመር እንደ ጥላ ሆኖ፣ ተገልብጦና በጥቂቱ ጎልቶ ይታያል። በአንበሳው ሆድ ሥር የንጉሡ የአፍንጫና የአንገት መስመር ታየኝ የሚል ሰው ምናልባት እውነቱን ነው።

ሦስተኛው ሞርሳ ነው። ሁለት ሳንቲም አጋጥሞ በሞርሳ መጭመቅ ወይም ደራርቦ በመዶሻ መምታት የአንዱን ጎልቶ የወጣ ፊደል በሌላው ላይ ያሰርጉዳል። ወጣቱ ያመጣው ጠገራ ይህ ነበር። የተገለበጡት ፊደሎች ሰርጉደዋል፤ ነገር ግን ያረፉት በእቴጌይቱ ፀጉርና ትከሻ ላይ ነው፣ የፊቷም ምስል በሥራቸው አለ፣ በተጫነበት ቦታ ላይ ብቻ ተደፍጥጧል። ገልብጬ ስመለከት፣ በዚያው አንጻር በጀርባው የንስሩ ደረት እንደ ንጣፍ ድንጋይ ጠፍጥፏል፤ የሞርሳው ጥርስም ትይዩ ጭረቶችን ትቶበታል። በመምቻ ቤት ቢሆን ኖሮ የአንዱ ወገን ስህተት የሌላውን ወገን ምስል አይደፈጥጠውም ነበር፣ ምክንያቱም በዚያ በኩል ማኅተሙ ምስሉን ሲሠራው እንጂ ሲጨፈልቀው አይገኝም። ስለዚህ የተገለበጠ ፊደል ያየ ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ሳንቲሙን መገልበጥና ጀርባውን ማየት ነው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ የተደረበ ፊደል

ድርብ ሆኖ የሚታይ ጽሑፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ማኅተሙ ራሱ ሲሠራ ምስሉ ሁለት ጊዜ ተዛንፎ ከተቀረጸበት፣ ከዚያ ማኅተም የሚወጣው ሳንቲም ሁሉ ድርብ ይሆናል፤ ሁለቱም ፊደሎች ክብነት አላቸው፣ በማዕዘናቸው ላይ ትንሽ ስንጣቂ ይታያል፣ የፊደሉም ውፍረት ይጨምራል። ይህ የሚፈለግ ነው። ማኅተሙ በምቱ ጊዜ ስለላላ ወይም ስለተንቀጠቀጠ የሚመጣው ድርብ ግን እንደ ደረጃ ጠፍጣፋና የሚያበራ ነው፤ ፊደሉን አያወፍረውም፣ ይልቁንም ከወርዱ ይሸርፍለታል። ይህም በመምቻ ቤት የተከሠተ ነው፣ ሰብሳቢዎች ግን ብዙ ዋጋ አይሰጡትም። ሳንቲሙ ሳይወጣ ሁለተኛ ከተመታ ደግሞ ሁለት ሙሉ ምስል ይኖረዋል፤ ኋለኛው ፊተኛውን ጠፍጥፎታል፣ ሁለቱም በትክክል ይነበባሉ።

ጉዳት የሆነው ድርብ ከእነዚህ የሚለየው ብረቱ በመገፋቱ ነው። ሳንቲሙ በድንጋይ ላይ ተጎትቶ ወይም በብርቱ ተፍቆ ከሆነ የፊደሎቹ ራስ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይደፋል፣ በራሳቸውም ላይ ትይዩ ጭረት ይኖራል። የ«ምኒልክ»ን «ም» እግሮች አተኩሮ ማየት ይረዳል፤ ከላይ ብቻ ተደፍተው ሥራቸው በቦታው ከሆነ ያጎነበሳቸው ከውጭ የመጣ ነገር ነው።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ጠርዙንና ከንፈሩን ይዙሩት

ሳንቲምን የፊትና የጀርባ ብቻ ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው ግማሹን ምርመራ ትቶታል። በማርትሬዛ የጎን ጠርዝ ላይ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የላቲን ቃል ከጌጥ ጋር ጎልቶ ተጽፏል፤ በምኒልክ ብር ጠርዝ ደግሞ «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» የሚለው የዳዊት ቃል አለ። ጠርዙን በማጉያ መነጽር እያዞሩ ያንብቡት።

በእኛ አካባቢ ጠገራው በአንገት ጌጥነት የዋለ በመሆኑ የብዙዎቹ አናት ላይ ጆሮ ተበይዶበት ነበር። በኋላ ባለቤቱ ለመሸጥ ሲፈልግ ጆሮውን ያስወልቅና ቦታውን በሞረድ ያስተካክላል። እዚያ ላይ የጠርዙ ጽሑፍ ይቋረጣል፣ ቀለሙ ከቀሪው ይለያል፣ የሞረዱ ጭረትም በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል። «ሲመታ አናቱ ላይ ጎድሎ የወጣ ነው» ተብሎ ከተሸጠልዎት ይህን ይፈልጉ። ቀዳዳም እንዲሁ ነው፤ በሚስማር የተበሳው በአንድ ወገን ወደ ውስጥ ገብቶ በሌላው ወገን ከንፈር አውጥቷል፣ በትራፓኖ የተበሳው ደግሞ የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የክብ ጭረት ይዟል። ክር ለዘመናት የጎተተው ቀዳዳ ወደ ላይ ሞላላ ይሆናል።

እውነተኛ ጉድለትም ግን አለ። ጥሬው ክብ ከሉሑ ሲቆረጥ ቀድሞ በተቆረጠበት ቀዳዳ ላይ ካረፈ፣ እንደ ተገመጠ ዳቦ ጨረቃ መሰል ጉድለት ይዞ ይወጣል። ይህንን ኋላ ከተቆረጠው የሚለዩት ሁለት ምልክቶች ናቸው። የመጀመሪያው፣ በጉድለቱ አጠገብ ያሉት ፊደሎች በምቱ ጊዜ ብረቱ ወደ ባዶው ስለፈሰሰ ተስበውና ሳስተው ይጠፋሉ፤ ኋላ የተቆረጠ ከሆነ ግን ፊደሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ በቢላ እንደተቆረጠ በድንገት ያቆማል። ሁለተኛው፣ ከጉድለቱ ትክክል ማዶ ያለው ከንፈር ነው፤ ጥሬው ክብ ጠርዙ ሲጨመቅ ጉድለቱ ባለበት በኩል የሚገፋ ስለማይኖር ማዶውም በቂ ጭምቂያ አያገኝም፣ ስለዚህ ከንፈሩ ይደክማል ወይም ይጠፋል። ሁልጊዜ ባይታይም ከታየ ብርቱ ምስክር ነው፤ መቀስ የያዘ ሰው ማዶ ያለውን ከንፈር ሊያደክም አይችልም።

ቀለበቱ ሳይዘው የተመታ ሳንቲም ከደህናው ሰፍቶ ይገኛል፤ በመዶሻ የተጠፈጠፈም ይሰፋል፣ የሁለቱም ክብደት አይለወጥም። የሚለያቸው ፊደሉ ነው። የመጀመሪያው ፊደሉ ጥርት ያለ፣ ጠርዙ ልሙጥ ነው፤ ሁለተኛው ፊደሉ ተደፍጥጦ ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል።

ስምንተኛ ደረጃ፦ የጠፋ ፊደልና የተላጠ ገጽ

ማኅተሙ ውስጥ ቅባትና የብረት ብናኝ ሲጠራቀም ፊደሉ ይደፈናል፣ ሳንቲሙም ያንን ፊደል ሳይዝ ወይም አደብዝዞ ይወጣል። ፲፰፻፹፱ ከሚለው ላይ ፱ ጠፍቶ ፲፰፻፹ የሚል ገርሽ ቢያጋጥምዎት ቦታውን በሰያፍ ብርሃን ይዩት። ሜዳው ከአካባቢው ጋር እኩል ከሆነ፣ ቀለሙ ካልተለየና የፊደሉ ቅሪት እንደ ጥላ ከታየ ማኅተሙ ተደፍኖ ነበር። ቦታው ዝቅ ካለ፣ ጭረት ካለበት ወይም ከሌላው ይልቅ ካበራ ግን ተፍቆ ነው።

የብረቱ ድርብርብ በአግባቡ ሳይጣበቅ ሲቀር ገጹ እንደ ቅርፊት ይላጣል፤ ይህ የጥሬው ክብ ስህተት ነው፣ መላጫውም አብዛኛውን ጊዜ ሉሑ በተዳመጠበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ዝገትና ጨው የበላው ገጽ ግን አቅጣጫ የለውም፣ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ የተበታተነ ጉድጓድ ነው።

ስለ 2002 ዓ.ም. የአንድ ብር ሳንቲም በአጭሩ፦ ሁለት ብረት የተጋጠመበት በመሆኑ መካከሉን በመዶሻ አውልቀው «ቀለበቱ ብቻ የተመታ» ብለው የሚያቀርቡ አሉ። ቀለበቱ ብቻውን ተመትቶ ቢሆን ኖሮ ብረቱ ወደ ባዶው መካከል ስለሚፈስስ የውስጥ ጠርዙ ይዛባ ነበር፤ ልሙጥና ትክክለኛ ክብ ከሆነ ወይም የመምቻ ጠባሳ ከያዘ የወለቀ ነው። የ1969ኙ አንድ ሳንቲም ደግሞ አሉሚኒየም ስለሆነ በጣት ይታጠፋል፤ በእሱ ላይ ያለ መጣመም ምንም አያስረዳም።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ ተመትቶ ነው ወይስ ቀልጦ ፈስሶ?

አንዳንዱ «ስህተት» ሐሰተኛ ገንዘብ ሆኖ ይገኛል። ብር አቅልጦ በቅርጽ ውስጥ ያፈሰሰ ሰው የሚያወጣው ጠገራ ፊደሉ እንደ ሳሙና የለዘበ ነው፤ ሜዳው ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ የአየር ቀዳዳዎች ይኖራሉ፤ በጠርዙ ዙሪያ ሁለቱ ቅርጾች የተጋጠሙበት መስመር ወይም እሱን ያጠፋ ሞረድ ይታያል። በድሮ ጊዜ ባላገሩ ማርትሬዛን ሲቀበል የአክሊሏን ዕንቁና ከደረቷ ሥር ያሉትን ኤስ እና ኤፍ የተባሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች አይቶ፣ ካልታዩት መልሶ ይሰጥ እንደነበር መንገደኞች ጽፈዋል። ያ ልማድ ዛሬም ይሠራል።

አሥረኛ ደረጃ፦ ይመዝግቡ

ለእያንዳንዱ ሳንቲም አንድ ትንሽ የወረቀት ፖስታ ይበቃል። ለስላሳ ፕላስቲክ ግን ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ልጋግ ስለሚተው አይጠቅምም። ፖስታው ላይ ዓይነቱ፣ ዓመቱ፣ ክብደቱ፣ ስፋቱ፣ ምልክቱ ያለበት ቦታ እና እንዴት እንደተፈጠረ ያለዎት ግምት ይጻፍ፤ ቦታውን እንደ ሰዓት ቆጣሪ «ከላይ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ሰዓት ላይ» ብሎ መጻፍ ለሌላ አንባቢ ግልጽ ነው። መወሰን ካልቻሉ «አልተለየም» ብለው ይጻፉና ከወር በኋላ ደግመው ይዩት። በሽያጭ ጊዜም ጉዳቱን ጉዳት ብሎ መናገር ይገባል።

ወጣቱ ገርሹን ፖስታው ውስጥ ሲያስገባ እጁ ይጠነቀቅ ነበር፤ ጠገራውን ግን እንደ ተራ ብረት ገፋ አደረገው። «ታዲያ ጋሼ፣ ይሄኛውን ልጣለው?» አለኝ። ሚዛኑ ላይ እንዲያስቀምጠው ነገርሁት፤ ቁጥሩ ወጥቶ ወርዶ 27.96 ላይ ቆመ። ሞርሳ ብሩን ያፈናቅላል እንጂ አይወስድበትም። ከዚያም ሁለተኛ ፖስታ ሰጠሁትና ራሱ እንዲህ ብሎ ጻፈበት፦ «ማርትሬዛ፣ 27.96 ግራም፣ ጠርዙ ሙሉ፣ ፊት ላይ የሞርሳ ጉዳት፣ ከአያቴ ሳጥን።»